ሚረርለስ ወይስ የኪስ ካሜራ? ከመግዛታችሁ በፊት ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መሃል አዲስ አበባ ካሜራ የሚሸጥበት ሱቅ ገብታችሁ ትንሽ ብትቆሙ ይህን ክርክር አታጡትም። አንዱ «ሚረርለስ ግዛ፤ ሌላው ብር ማባከን ነው» ይላል። ጓደኛው «ያንን ሁሉ ተሸክመህ የት ልትደርስ? ኪስህ የምትገባዋን ውሰድ» ይለዋል። ሻጩ ለሁለቱም «ልክ ነህ» ይላል። እሱ ምን ቸገረው፣ ሁለቱንም ይሸጣል።

ሚረርለስ ማለት ውስጡ መስታወት የሌለው፣ ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ ነው። ክርክሩ መቋጫ የማያገኘው ቦዲ (ሌንስ የሌለው የካሜራው አካል) ከቦዲ ጋር ስለሚወዳደር ነው። ፎቶውን የሚሠሩት ግን ሌንሱና ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ሴንሰሩ ተጋግዘው ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ። የቀሩት ደግሞ የከተማችን ጣጣዎች ናቸው።

የኪስ ካሜራ ሁሉ አንድ ነው ማለት

ኪስ የሚገቡ ካሜራዎች ቢያንስ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ እንደ ካነን ኢክሰስ 285 ያሉት ስስና ቀላል ናቸው። ኢክሰሷ ከነባትሪዋ 150 ግራም እንኳ አትሞላም። ሴንሰሯ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ያንሳል። ሁለተኞቹ ባለ 1 ኢንች የሚባሉት ናቸው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው አርኤክስ100 ይህን መንገድ ከከፈቱት አንዱ ነው። ስሙ 1 ኢንች ይባል እንጂ ሴንሰሩ በትክክል ሲለካ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። ያም ሆኖ በስፋት የኢክሰሷን አራት እጥፍ ይሆናል።

በጀማሪ ሚረርለሶች ላይ በብዛት የሚገኘው ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ሴንሰር ነው። በካነን 22.3 በ14.9፣ በሶኒና በኒኮን ደግሞ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ «ሚረርለስ ይሻላል ወይስ የኪስ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ «የትኛዋ የኪስ?» በሉት።

ለማንኛውም፣ ኢክሰሷን የመሰሉትን ለማታ ፎቶ ብላችሁ አትግዙ። ዛሬ የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ ከዚያ የሰፋ ሴንሰር አለው። እሷ ከስልክ የምትበልጠው በእውነተኛ ዙምና በእውነተኛ ፍላሽ ነው። ቲክቶክ ላይ ያያችሁት የ2000ዎቹ ዓይነት መልክ ከሆነ ያማራችሁ ግን ምንም አይደል፣ ግዟት። ፋሽን ነው ብሎ መግዛትም መብት ነው።

ሜጋፒክስል ቆጥሮ መወሰን

«ይሄ ሃያ አራት ሜጋ ነው፣ ያኛው ሃያ ብቻ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በ20 እና በ24 መካከል ያለውን ልዩነት በዓይን አታዩትም። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ሲላክ ተጨምቆ ሁለቱም ያው ይሆናሉ። ይህን ቁጥር እርሱት።

ኪት ሌንሱን ዕድሜ ልክ አለመንቀል

ኪት ሌንስ የሚባለው ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ነው። ዋናው ስህተት ይህ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው።

ካነን አር50ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ ለጀማሪ የሚሆን ጥሩ ካሜራ ነው። አብሮት የሚሸጠው ከ18 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን በሰፊው ጫፍ ኤፍ 4.5፣ በዙሙ ጫፍ ኤፍ 6.3 ነው። ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል። ጂ7 ኤክስ ማርክ 3 የተባለችው የካነን ባለ 1 ኢንች የኪስ ካሜራ ደግሞ ከኤፍ 1.8 እስከ 2.8 ነች።

አሁን አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ ማታ ቡና ተፈልቷል እንበል። ሳሎኑ ያለው አንድ አምፖል ብቻ ነው። እጣኑ ይጨሳል፣ እናት ከረከቦቱ ላይ ጎንበስ ብለው ሲኒዎቹን እየሞሉ ነው። የሚቀዱበት እጅ እንዳይደበዝዝ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ላይ አደረጋችሁት። በኪስ ካሜራዋ ኤፍ 1.8 ላይ አይኤስኦ (ከፍ ሲል ፎቶውን የሚያበራ፣ ግን ኖይዝም የሚጨምር ቁጥር) 1600 በቂ ሆነ እንበል። በሚረርለሱ ኤፍ 4.5 ላይ ያንኑ ብሩህነት ለማግኘት አይኤስኦ 10,000 ትደርሳላችሁ። የኪት ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ከስድስት እጥፍ በላይ ያንሳላ! የሚረርለሱ ሴንሰር በስፋት የሚበልጠው ግን በሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ትልቁ ካሜራ ተይዞ የእናት ነጠላ ላይ ኖይዙ፣ ማለትም አሸዋ የመሰለው ነጠብጣብ፣ ይዘራበታል።

ያው ሚረርለስ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ስትገጥሙበት ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ሁለቱም አይኤስኦ 1600 ላይ ናቸው፣ ሚረርለሱ ደግሞ ሦስት እጥፍ የሚሆን ሴንሰር አለው። ፎቶው ይጠራል፣ ከጀርባ ያለው ቡፌም ለስለስ ብሎ ይደበዝዛል። የካነኑ 50 ሚሊ ሜትር 160 ግራም ብቻ ነው፣ አይከብድም። አንድ ችግር አለው። የሌንስ ሚሊ ሜትር ሲጨምር እይታው ይጠባል፤ ይህም በዚህ ሴንሰር ላይ እይታውን የ80 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያጠብ፣ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባችሁ ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ያስኬዳችኋል። ለአንድ ሰው ፊት ግሩም ነው፤ ቡና ላይ የተቀመጠውን ቤተሰብ በሙሉ ለማንሳት ግን 28 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ይሻላል።

ስለዚህ በጀት ስታወጡ ሌንሱን ከመጀመሪያው አብራችሁ ቁጠሩት። ብራችሁ ቦዲና ኪት ሌንስ ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ ሁለተኛ ሌንስም በቅርብ የማይታሰብ ከሆነ፣ ባለ 1 ኢንቿን የኪስ ካሜራ ብትገዙ ይሻላችኋል። የሚረርለስ ወዳጆች ይቅር ይበሉኝና የኔ አቋም ይኸው ነው።

ትንሽ ነችና ርካሽ ትሆናለች ብሎ መገመት

አትሆንም። ጂ7 ኤክስ ማርክ 3 እ.ኤ.አ. በ2019 ስትወጣ አሜሪካ ውስጥ ዋጋዋ 749 ዶላር ነበር። የአር50 ቦዲ ከአራት ዓመት በኋላ የወጣው በ679 ዶላር ነው። ያን ሁሉ ሌንስ አጥፎ ኪስ ውስጥ መክተት ራሱ ያስከፍላል። እዚህ ደግሞ የሚመጣው በሻንጣ ነውና የጉዞው ትርፍ ይጨመርበታል።

ትልቁ ካሜራ አርቆ ያነሳል ብሎ መጠበቅ

ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ቆማችሁ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወደ ለገሃር እዩት። መንገዱ፣ ዛፉ፣ ከዚያ ወዲያ የንግድ ባንክ ፎቅ። ያንን ፎቅ ከዚህ ሆናችሁ ፍሬሙን እንዲሞላ ብትፈልጉ የምታሸንፈው ርካሿ ኢክሰስ ነች። ዙሟ የተለያዩ ካሜራዎችን ለማወዳደር በሚያገለግለው የጋራ መለኪያ (35 ሚሊ ሜትር አቻ) ከ25 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። የአር50 ኪት ሌንስ በዚያው መለኪያ ከ29 እስከ 72 ገደማ ነው። ሚረርለስ የገዛ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት «አያቀርብም እኮ!» ብሎ የሚያኮርፈው ለዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር የኢክሰሷ ዙም 300 ላይ ሲደርስ ሌንሷ ኤፍ 7 ይሆናል፤ ፀሐይ ካዘቀዘቀች ወዲያ አይረባም። ዲጂታል ዙም የሚባለውን ደግሞ አትቁጠሩት፤ ፎቶውን ቆርጦ ማስፋት ነው።

የቀትሩን ፀሐይ መርሳት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የተቀመጠችው። የጥር ቀትር ላይ ጃን ሜዳ ቆማችሁ ስክሪን ላይ ፎቶ ለማየት ሞክሩ፤ የራሳችሁን ፊት ነው የምታዩት። ዓይን የሚጠጋበት ማያ ያለው ካሜራ ያኔ ዋጋው ይታወቃል። አር50 አለው። ጂ7 ኤክስ ማርክ 3 የላትም። ሚረርለስ ሁሉ አለው ማለት ደግሞ አይደለም፦ ለቪዲዮ ሠሪዎች ተብሎ የወጣው ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 የለውም።

የምትውሉበትን ቦታ አለማሰብ

አር50 ከኪት ሌንሱ ጋር 500 ግራም ገደማ ነው፤ ጂ7 ኤክስ 304 ግራም። ልዩነቱ በሚዛን ትንሽ ነው፣ በመንገድ ላይ ግን ሰፊ ነው። ሌንሱ ወደ ፊት የወጣ ካሜራ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ፒያሳ ብትዞሩ «ከየት ሚዲያ ነው?» መባላችሁ አይቀርም። ጥበቃም ቶሎ ዓይኑን ይጥልባችኋል። መንግሥት መሥሪያ ቤት አጠገብ ከሆናችሁ ሳያስፈቅዱ ማንሳት በትንሿም ቢሆን ጣጣ ነው። ለተራ የመንገድ ትዕይንት ግን ትንሿን የሚያያት የለም። ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቃችሁ ስትሄዱ ደግሞ የጃኬታችሁ የውስጥ ኪስ ውስጥ ትገባለች፤ ሚረርለሱ ቦርሳ ይፈልጋል። እሁድ ጠዋት ቦርሳ ማንጠልጠል የሚሰለቻችሁ ዓይነት ሰው ከሆናችሁ ራሳችሁን አታታልሉ።

ባትሪና አቧራን ንቆ ማለፍ

ጂ7 ኤክስ ማርክ 3 በአንድ ቻርጅ 235 ፎቶ ገደማ እንደምታነሳ አምራቹ ይናገራል። ዜድቪ-ኢ10 ደግሞ 440 ገደማ። ከተራ ከሰዓት ጀምሮ ታቦታቱን ተከትሎ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የኪሷን ከመረጣችሁ ሁለት ትርፍ ባትሪ ያዙ። መብራትም መቼ እንደሚሄድ አይታወቅምና ማታውኑ ቻርጅ አድርጓቸው።

አቧራው ሁለቱንም ይጎዳል፣ አጎዳዱ ግን ይለያያል። ወጣ ገባ የሚለው የኪስ ካሜራ ሌንስ አቧራ ወደ ውስጥ ይስባል። ሴንሰሩ ላይ ካረፈ ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል፣ ለማጽዳትም ካሜራዋን መፍታት ግድ ነው። የሚረርለሱን ሴንሰር በእጅ በሚጨመቅ ማናፈሻ ራሳችሁ ታራግፉታላችሁ። ግን መንገድ ሲቆፈርና ግንብ ሲፈርስ አጠገቡ ቆሞ ሌንስ መቀየር የለየለት ጥፋት ነው።

በነገራችን ላይ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ስትቀርጹ ምስሉ የሚርገበገብ ከሆነ ካሜራው ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ለ60 ተስተካክሎ ይሆናል። ሴቲንጉን ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል ቀይራችሁ ሹተሩን 1/50 አድርጉት።

ስላሽ (ያገለገለ) ሲገዙ ሳይፈትሹ ብር መቁጠር

ካነን ኤም50 ብዙ ጊዜ በደህና ዋጋ ይገኛል። ጥሩ ካሜራ ነው፤ ግን ካነን ኤም50 የሚጠቀምበትን ኢኤፍ-ኤም የተባለውን የካሜራና የሌንስ መስመር አቁሞታል። የአር50 ሌንሶችም አይገጥሙለትም። ሌንስ እየጨመርኩ አድጋለሁ ካላችሁ እሱን ዝለሉት።

የድሮ ኦሊምፐስ ወይም ፉጂፊልም የኪስ ካሜራ ስታዩ የካርዱን ቀዳዳ ክፈቱ። ኤክስዲ የተባለውን የድሮ ሜሞሪ ካርድ የሚፈልግ ከሆነ ካርዱን ፍለጋ ትደክማላችሁ። ማንኛውንም የኪስ ካሜራ ደጋግማችሁ አብሩ፣ አጥፉ፣ ሌንሱ ሲወጣ ሲገባ ድምፁን አድምጡ። ከተንቋቋ ወይም መሃል ላይ ከቆመ ተዉት። ሚረርለስ ከሆነ ደግሞ ሌንሱን አስነቅላችሁ ሴንሰሩን በብርሃን እዩት፣ ጭረት ካለው ተሰናበቱት።

ሶኒ ከሆነ ሜኑውን ክፈቱ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት በአብዛኛው የሚያወሩት ጃፓንኛ ብቻ ነው። ሻጩ «ቋንቋውን እናስቀይራለን» ቢላችሁ፣ ተቀይሮ በዓይናችሁ ሳታዩ አትክፈሉ።

ካርድም ከሱቁ አብራችሁ ከገዛችሁ ፎርጅዱ ብዙ ነው። 128 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 8 የሆነ አለ። ቤት እንደደረሳችሁ ካርዱ እስኪሞላ ቪዲዮ ቅረጹበት፣ ከዚያ የመጨረሻውን ፋይል ክፈቱት። ካልተከፈተ ደረሰኙን ይዛችሁ በዚያው ቀን ተመለሱ።