ተከላካይ ጠበቃ በወንጀል ይግባኝ፦ በሰሜን ሸዋ ፍርድ ቤቶች ለሚሠሩ የተዘጋጀ መመሪያ

ቅጣት እንደተነገረ ፋይሉን ዘግቶ ወደ ቀጣዩ መዝገብ መሻገር አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት በሚያቆማቸው ተከላካይ ጠበቆች ዘንድ የተለመደ ነው። የሥራው ጫና ይታወቃል። ነገር ግን አቅም የሌለው ፍርደኛ መብቱን የሚያጣው ከዚያ ቀን ወዲህ ባሉት ሁለት ሳምንታት ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ መጠየቁ ፍርዱ በተነገረ በ15 ቀን ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር (የመዝገብ ቤት ኃላፊ) መገለጽ አለበት፤ የይግባኙ ማመልከቻ ደግሞ የውሳኔው ግልባጭ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ይገባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(5) አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል፤ በቀጣዩ ንዑስ አንቀጽ ይግባኝ የማለት መብቱን ያረጋግጣል። ሁለቱ ተያይዘው መነበብ አለባቸው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው እዚያው ችሎት በር ላይ ነው። ደንበኛዎ ወደ ማረሚያ ቤት ከመመለሱ በፊት ይግባኝ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁት። ውሳኔው የእሱ ነው፤ የእርስዎ ድርሻ እውነተኛውን ተስፋና ስጋት መንገር ነው። ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አንሷል ብሎ ይግባኝ ሊል እንደሚችል ይንገሩት። ጥፋተኛነቱን አምኖ የተፈረደበት ከሆነ ደግሞ ይግባኝ ማለት የሚችለው በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ብቻ እንደሆነ (የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 185) ሳይደባበቅ ይወቅ።

ይግባኝ መጠየቁን ለሬጅስትራሩ የሚገልጸው ማስታወቂያ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል፦ የመዝገብ ቁጥር፣ ፍርዱ የተነገረበት ቀን፣ የይግባኝ ባይ ስም፣ ግልባጭ እንዲሰጥ የቀረበ ጥያቄ። በሁለት ኮፒ ያስገቡና አንዱን ማኅተምና ቀን አስመትተው ይያዙ። ግልባጩን ሲረከቡም የተረከቡበት ቀን ይጻፍበት፤ ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነውና ኋላ ክርክር የሚነሳው በዚህች ቀን ላይ ነው። ፍርደኛው ታስሮ ከሆነ ወረቀቱን በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በኩል መላክ ይችላል።

ጊዜው ካለፈ የሚቀረው በአንቀጽ 191 ዘግይቶ ይግባኝ ለማለት የማስፈቀጃ ማመልከቻ ማቅረብ ነው። መዘግየቱ በአመልካቹ ጥፋት እንዳልሆነ በወረቀት ያሳዩ፦ ግልባጩ መቼ እንደተጠየቀና መቼ እንደወጣ የሬጅስትራር ማስረጃ፣ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ተዛውሮ ከነበረም ከዚያው የተጻፈ ደብዳቤ። ያዘገየው ጠበቃው ራሱ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ መጻፍ ግዴታው ነው። ለራስ ስም ሲሉ ሰውን እስር ቤት ማስቀረት ይቅር የማይባል ነገር ነው።

ከውሳኔው ግልባጭ ጋር ሙሉውን መዝገብ ያግኙ፦ ክሱን፣ በክስ መቃወሚያው ላይ የተሰጠውን ብይን (በክርክሩ መሐል የሚሰጥ ውሳኔ)፣ የምስክሮችን ቃል፣ ተከሳሹ ይከላከል የተባለበትን ብይን፣ የሕክምና ማስረጃውን፣ የቅጣት አስተያየቱን። በመሐል ችሎት የተሰጠ ብይን፣ ለምሳሌ ውድቅ የተደረገ መቃወሚያ ወይም ያለአግባብ የተቀበሉት ማስረጃ፣ በአንቀጽ 184 ወዲያው ይግባኝ አይባልበትም፤ በፍርዱ ላይ ይግባኝ ሲባል ግን እንደ ምክንያት ሊነሳ ይችላል። ብዙዎች ይረሱታል።

በኤፍራታና ግድም፣ በቀወት ወይም በምንጃር በኩል የመጣ መዝገብ ሲሆን ደግሞ አስተርጓሚ ተመድቦ እንደነበር ይፈትሹ። ተከሳሹ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ወይም በአርጎብኛ ሆኖ ክሱ በአማርኛ ብቻ ተነቦለት ከሆነ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(7) ላይ የተመሠረተ ጠንካራ ቅሬታ ነው።

ማመልከቻው አጭር ሆኖ እያንዳንዱ ምክንያት በተራ ቁጥር ተለይቶ ይጻፋል (አንቀጽ 189)፤ የሚጠየቀው ዳኝነትም ተለይቶ ይቀመጣል። ደካማ ማመልከቻ «የሥር ፍርድ ቤት ማስረጃን በአግባቡ ሳይመዝን ፈርዷል» ብሎ ያልፋል። ይህ ለይግባኝ ሰሚው የሚጨብጠው ነገር አይሰጠውም። በምትኩ እንዲህ ቢባል፦ «የዐቃቤ ሕግ 2ኛ ምስክር ሌሊት 5 ሰዓት ላይ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ በፊቱ ለየሁት ብሏል፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ግን ጨለማ እንደነበርና በድምፁ እንዳወቀው መልሷል (መዝገብ ገጽ 14)። ፍርዱ ይህን ልዩነት ሳያነሳ ምስክሩን ተቀብሏል።» ገጹ ተጠቅሷል፣ ስህተቱ ይታያል፣ ዳኛው ገልጦ ማረጋገጥ ይችላል። ምስክሩ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ግን በሥር ፍርድ ቤት ቀርቦ ካልተነሳ የመዝገቡ አካል አይደለምና እንደ ዋዛ አይጥቀሱት። አዲስ ማስረጃ ካለ በአንቀጽ 194 ለብቻው ይጠየቅ፤ ለምን ቀድሞ እንዳልቀረበም ይብራራ።

በጥፋተኝነቱ ላይ ቅሬታ ቢኖርም ባይኖርም ቅጣቱን ለብቻው ያስሉት። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 የተዘረዘሩት ማቅለያዎች ተነስተው ነበር? በአንቀጽ 84 የተያዘው ማክበጃ የወንጀሉ ማቋቋሚያ ሆኖ አስቀድሞ የተቆጠረ አይደለም? የወንጀሉ ደረጃና የቅጣቱ እርከንስ በቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 መሠረት ትክክል ነው? ተስፋ የቆረጡበት መዝገብ እንኳ እዚህ ላይ ሊቃና ይችላል። ይግባኝ ማለት በራሱ ቅጣቱን እንደማያቆም ለቤተሰቡ ያስረዱ፤ እግድ የሚፈለግ ከሆነ በተለየ ማመልከቻ ይጠየቃል።

የወረዳ ፍርድ ቤት ፍርድ ደብረ ብርሃን ወዳለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይመጣል፤ ከፍተኛው በመጀመሪያ ደረጃ የፈረደው ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ችሎቱ አስቀድሞ «ያስቀርባል» ወይስ «አያስቀርብም» የሚለውን፣ ማለትም ሌላው ወገን ለመልስ ይጠራ ወይስ አይጠራ የሚለውን፣ ይመረምራል፤ ስለዚህ በጣም ጠንካራው ምክንያት በተራ ቁጥር 1 ላይ ይሁን። ያስቀርባል ከተባለ ይግባኝ ባይ ይናገራል፣ ዐቃቤ ሕግ ይመልሳል፣ ይግባኝ ባይ የመልስ መልስ አለው። በቀጠሮ አለመገኘት መዝገቡን ሊያዘጋ ይችላል።

ከዚያ በፊት ማረሚያ ቤት ሄደው ደንበኛውን ያነጋግሩ። በችሎት ያልተናገረው ብዙ ጊዜ አለ። በድንበር ጠብ የተከሰሱ ወንድማማቾች ወይም አባትና ልጅ ከሆኑ አንዱ ጥፋቱን በሌላው ላይ ያደርግ እንደሆነ ለየብቻ ይጠይቁ፤ ጥቅማቸው ከተጋጨ ለአንዳቸው ሌላ ጠበቃ እንዲመደብ ለፍርድ ቤቱ ያመልክቱ። ከዓለም ከተማ ወይም ከመሐል ሜዳ የመጣ ዘመድ «ለድካምዎ» ብሎ የሚዘረጋውን ገንዘብ አይቀበሉ፤ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ መሆኑንም እዚያው ይንገሩት።

በነፃ የተለቀቀ ደንበኛ ስልኩንና ቀበሌውን አስመዝግቦ ይሂድ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ቢል መጥሪያ ሳይደርሰው ክርክሩ በሌለበት ሊሰማ ይችላል።