ትምህርት ቤት ሳይገባ ለሚያነብ ልጅ ምን እናድርግ?

ባሕር ዳር ዓይን ያረፈበት ሁሉ ጽሑፍ ነው። የሱቅ ሰሌዳ፣ የባጃጅ ጥቅስ፣ ጣና ላይ የጀልባ ስም። የሦስት ዓመት ልጅ አባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ከፊት ያለውን ባጃጅ ጥቅስ ቢያነብ ቤተሰብ ይደነቃል፣ ይደሰታል። ደስ ይበላችሁ። ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ያነበበው ገብቶታል?

ማንም ሳያስተምረው ፊደል ላይ ሙጭጭ ብሎ የሚያነብ፣ ንግግሩና መረዳቱ ግን ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ሃይፐርሌክሲያ አለው ይባላል። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የጥናቶች ዳሰሳ እስከዚያ ከተመዘገቡት እንዲህ ዓይነት ልጆች 84 በመቶ ያህሉ ኦቲዝም፣ ማለትም ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአንጎል እድገት ልዩነት፣ ያለባቸው መሆኑን አሳይቷል። ቀድሞ ያነበበ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት ግን አይደለም። እያነበበ እንደ እኩዮቹ የሚያወራና የሚጫወት ልጅም ሞልቷል። ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ፣ በእርግጥ እያነበበ መሆኑን እዩ። የለመደውን ማስታወቂያ በመልኩ ሸምድዶት ሊሆን ይችላል። ወረቀት ላይ ትርጉም የሌለው ቃል ጻፉለት፤ «ጉሜፋ» ይሁን። ካነበበው ፊደሉን ከነድምፁ ይዞታል።

ቀጥሎ መረዳቱን። «ጫማህን አምጣ» ብላችሁ ጻፉና ምንም ሳትናገሩ አሳዩት። ጥርት አድርጎ አንብቦ እዚያው ከቆመ ልብ በሉ። ግዕዝ ሳያውቅ ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ፣ ድምፁ አፉ ላይ አለ፣ ትርጉሙ ግን የለም። ሌላም ሞክሩ። «ዓሣ አጥማጁ ታንኳው ላይ ተኛ» የሚለውን ያንብብና «ማን ተኛ?» በሉት። መልሶ «ማን ተኛ?» ካላችሁ ይህንንም ለሐኪም እንድትነግሩ ማስታወሻ ላይ ጻፉት።

ከዚያ ፊደሉን ትታችሁ ልጁን እዩ። ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? ሐይቁ ዳር ወፍ ሲያይ እናንተም እንድታዩለት በጣቱ ያሳያችኋል? እቃቃ ይጫወታል? ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ጠፍተውበታል? የመጨረሻው ካለ አንድ ቀን አትጠብቁ። በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት፤ ሐኪም ፊት ልጅ ሌላ ነው የሚሆነው።

ወደ ሕፃናት ሐኪም ውሰዱት። የባሕር ዳሮቹ ሆስፒታሎች ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ቅርብ ናቸው። ጆሮው እንዲመረመር ጠይቁ፤ ስሙ ሲጠራ ዝም የሚለው መስማት ተስኖት ሊሆን ይችላል። ዕድሜው ከ16 እስከ 30 ወር ከሆነ ለወላጅ የሚቀርብ ባለ 20 ጥያቄ የኦቲዝም ምልክት መለያ አለ። ጎረቤት «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው» ይላችኋል። አትስሙ። ጠበል መውሰድ የፈለገ ይውሰድ፣ የሐኪሙን ቀጠሮ ግን አያስቀር። እናትዬ፣ ኦቲዝም ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ ነው፤ አንቺ በአስተዳደግሽ ያመጣሽው አይደለም። እርግማንም አይደለም።

እስከዚያው ፊደሉን አትንጠቁት፤ ንግግር የምታስተምሩት በሱ ነው። ካርቶን ላይ «ውሃ ስጪኝ» ብላችሁ ጻፉ። ውሃ ሲያምረው አሳዩት፣ ሲያነብ ወዲያው ስጡት። ሲለምደው ካርቶኑን ደብቁና ትንሽ ጠብቁት። የቀኑን ፕሮግራምም ግድግዳ ላይ ለጥፉለት፦ ቁርስ፣ ጫማ፣ ባጃጅ፣ አያት ቤት። ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቅ ለቅሶው ይቀንሳል።

እንግዳ ሲመጣ «እስቲ አንብብላቸው» አትበሉት። ካርቶን ላይ «ደህና ዋላችሁ?» ጻፉና እሱን ይበላቸው። እንግዶቹም ጎንበስ ብለው ይመልሱለት።