የካንጂ ጥናትን ከመንገድ የሚያስቀሩ ስህተቶች

ካንጂን፣ ማለትም ከቻይንኛ የተወሰዱትን የጃፓንኛ ጽሕፈት ምልክቶች፣ ስናጠና ትልቁ ስህተት በቀን የምንይዘውን መጠን በጋለ ስሜት ላይ ባለንበት ቀን መወሰን ነው። የጃፓን መንግሥት ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የዘረዘራቸው ጆዮ ካንጂዎች 2,136 ናቸው። «በቀን 20 ብይዝ በ107 ቀን እጨርሳለሁ» የሚለው ስሌት ያጓጓል። ክለሳው ግን አልታሰበም። ዛሬ የያዛችሁት ካንጂ ነገ ይመለሳል፤ ከዚያ በሦስት ቀን፣ ከዚያም በሳምንት። በዚህ አካሄድ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በየቀኑ 60 የቆዩ ካንጂዎች ይጠብቋችኋል፤ የተረሱት ሲጨመሩ ደግሞ ይበዛሉ። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ መጠኑን በደካማው ቀናችሁ ለኩት። ከሥራ ደክማችሁ ገብታችሁ፣ እራት በልታችሁ፣ ዓይናችሁ እየተከደነ ስንት ትችላላችሁ? አምስት ከሆነ አምስት ይሁን። በ14 ወር ገደማ ዝርዝሩ ያልቃል። ይህ ቀርፋፋ የሚመስለው ካለ፣ የጃፓን ልጆች አንደኛ ክፍል የሚማሩት 80 ብቻ መሆኑን ያስብ። 1,026 ለመድረስ ስድስት ዓመት ይፈጅባቸዋል፤ ያውም ቋንቋውን እየተናገሩት።

ክለሳ ተከምሮ እያለ አዲስ መጨመርም ጎጂ ነው። አንኪ የተባለው የማጥኛ መተግበሪያ ካልነካችሁት በቀን 20 አዲስ ካርድ (ጥያቄ ከነመልሱ) ያቀርባል፤ ገና ስትጀምሩ ቀንሱት። ሳምንት ካመለጣችሁ አዲሱን ዜሮ አድርጋችሁ ውዝፉን ጨርሱ።

ሌላው፣ የአንዱን ካንጂ ንባቦች፣ ማለትም የሚነበብባቸውን ድምፆች፣ በሙሉ ባንዴ መሸምደድ ነው። እኛ ፊደል የቆጠርን ሰዎች ምልክቱን ካወቅን ድምፁን አወቅን ማለት ነው። ካንጂ እንዲህ አይደለም። «ሕይወት» የሚለው ካንጂ «ሴንሴይ» (መምህር) ውስጥ «ሴይ»፣ «ታንጆቢ» (የልደት ቀን) ውስጥ «ጆ»፣ «ኢኪሩ» (መኖር) ውስጥ «ኢ» ተብሎ ይነበባል፤ ብቻውን ሲቆም ደግሞ «ናማ»፣ ጥሬ ማለት ነው። እያንዳንዱን ካንጂ ከአንድ ወይም ከሁለት ቃል ጋር ያዙት፤ የቀሩት ንባቦች ቃሎቻቸው ሲመጡ ይመጣሉ።

አንዱን ካንጂ 50 ጊዜ መገልበጥም ጊዜ ይበላል። ሸፍናችሁ ከአእምሮ አንዴ መጻፍ ይሻላል።

ተመሳሳዮችንም ባንድ ቀን አትጀምሩ። «ማትሱ» (መጠበቅ) እና «ሞትሱ» (መያዝ) ቀኝ ጎናቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ላይ «ቤተ መቅደስ» የሚለው ምልክት አለ። የሚለዩት በግራ ነው፤ «መያዝ» ላይ እጅ፣ «መጠበቅ» ላይ እርምጃ። መጀመሪያ አንዱን አጥብቁ፤ ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀምሩት።