ከሐዋሳ ተነስቶ የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች በአንድ ቀን በቡድን መጎብኘት

ከሐዋሳ እስከ ጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አይቶ ማታ መመለስ ይቻላል፤ ሁለት ቦታ ብቻ ከያዛችሁ። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ የተባሉት የትክል ድንጋይ ቦታዎች ይበቃሉ። «ሻፔ ያሉትን በድንጋይ ላይ የተቀረጹ ላሞችም እንጨምር» የሚል ሰው ከቡድን መሃል አይጠፋም፤ እሱን ለሌላ ቀን አቆዩለት።

ወሩን ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ምረጡ። የትብብር ደብዳቤና የአካባቢ አስጎብኚ ዲላ ካለው የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ይጠየቃል። ጉዞው ቅዳሜ ከሆነ ደብዳቤው ሐሙስ እጃችሁ ይግባ፤ ዓርብ ከሰዓት ፈራሚው ከሌለ እስከ ሰኞ የሚፈርም አይገኝም።

24 ሰው ከሆናችሁ አንድ ኮስተር ይረክሳል፣ ሁለት ሚኒባስ ግን ይሻላል። ከአስፋልት ሲወጣ መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ትንሽ ካፊያ ከነካው ያንሸራትታል። ኮስተር በእንሰትና በቡና ማሳ መካከል መዞሪያ ያጣል፤ ከሚኒባሶቹ ግን አንዱ ቢያዝ ሌላው ይጎትተዋል፣ ጠንካራ ገመድ ካልረሳችሁ። ነዳጁ ከዋዜማው ይሞላ። ጠዋት ማደያ ሰልፍ ላይ የጠፋ ሰዓት ቀኑን ሙሉ አይካካስም።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። 2 ሰዓት ላይ ዲላ ስትደርሱ ሁሉም መጸዳጃ ቤት ይጠቀም፤ ድንጋዮቹ ጋ ደርሶ መፈለግ ያስቸግራል። ምሳ የምትበሉበትም እዚሁ ስለሆነ አሁኑኑ እዘዙ፣ የጾመኛውን ቁጥር ለይታችሁ።

ቅርቡን ጨልባ ቱቱቲን አልፋችሁ በወናጎ በኩል መጀመሪያ ቱቱ ፈላ ውጡ። ምክንያቱ ብርሃን ነው። እዚያ ፊትና እጅ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች አሉ፤ ቅርጹ ጥልቀት ስለሌለው የሚታየው ፀሐይ ከጎን ስትመታው ነው። እኩለ ቀን ላይ ጥላው ይጠፋል፣ ሰውም «ይሄ ተራ ድንጋይ አይደለም እንዴ?» ማለት ይጀምራል። ከረፈደባችሁ ድንጋዩን በጃንጥላ ከፀሐይ ከልሉና የስልክ ባትሪ ከጎኑ አብሩ። ጠመኔ መቀባት፣ ውኃ ማፍሰስ ወይም የድንጋዩን ሽበት (ላዩ ላይ ተጣብቆ የሚበቅለውን) መፋቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከሽበቱ ጋር የድንጋዩ ገጽ ተልጦ ይነሳል። አስጎብኚው ስለ ዳግም አጠቃቀሙ እንዲያብራራ ጠይቁ፦ ቀድሞ በወንድ ብልት ቅርጽ የተተከሉ ድንጋዮች በኋላ ዘመን ፊት ተቀርጾባቸው እንደገና ቆመዋል። ቦታው መቃብር ነው፤ በወደቀ ድንጋይ ላይ መቀመጥም ሆነ መቆም ነውር ነው።

ለአንድ አስጎብኚ ከ12 ሰው አይብለጥ። ከዚያ በላይ ሲሆን ከኋላ ያለው አይሰማም፣ ሰልችቶት ማሳ ውስጥ ይገባል፣ ከባለማሳው ጋር ጭቅጭቅ ይነሳል። ሁለቱ ቡድኖች ከተለያየ ጫፍ ይጀምሩ።

5 ሰዓት ላይ ውረዱ፣ ዲላ ምሳ ብሉ፣ 7 ሰዓት ተኩል ጨልባ ቱቱቲ ድረሱ። የዚህ ቦታ ጉዳይ ብዛትና ቁመት ነው፤ ብዙዎቹ ወድቀዋል፣ አንዳንዱ ከሰው ቁመት በብዙ እጥፍ ይረዝማል። የቀትር ፀሐይ እዚህ አይጎዳም። ከሰዓት ዝናብ ቢመጣም ለዲላ ቅርብ ናችሁ። ፎቶ ስታነሱ አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም፣ አለዚያ መጠኑ አይታወቅም።

መግቢያውን፣ አስጎብኚውንና ጥበቃውን የሚከፍል አንድ ሰው ይሁን፤ ዝርዝር ብር ይያዝ፣ ደረሰኝ ይቀበል። መዋጮው ላይ ለመጠባበቂያ አሥር በመቶ ጨምሩ። ከዲላ 10 ሰዓት ሳያልፍ ውጡ፤ አመሻሽ ላይ ጩኮና አፖስቶ አካባቢ ከብትና ባጃጅ መንገዱን ስለሚሞሉት ሾፌሩ ከጨለማ በፊት ሐዋሳ መግባት አለበት።