የቅጠሉ ቀለም ካመለጣችሁ ደቡቡን ጠብቁ

ቶሮንቶ ያላችሁ፣ ቀዩን የሜፕል ቅጠል ለማየት የታንክስጊቪንግን (በኦክቶበር ሁለተኛ ሰኞ የሚውለውን የካናዳ የምስጋና በዓል) ዊኬንድ አትጠብቁ። ከቶሮንቶ በስተሰሜን ያለው አልጎንኩዊን ፓርክ ያኔ በመኪና ብዛት መላወሻ የለውም፤ ሜፕሎቹም ብዙውን ጊዜ መርገፍ ጀምረዋል። ምርጥ ጊዜያቸው ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ነው፣ በተለይ በሥራ ቀን።

ካመለጣችሁ ግን ሦስት ሰዓት ወደ ሰሜን መንዳቱን ተዉት። ሰሜኑ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ቀለሙ ከዚያ ጀምሮ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ቶሮንቶ ውስጥ ያሉት ሃይ ፓርክና የዶን ሸለቆ የሚደምቁት ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ ነው። ሃይ ፓርክ ደግሞ የሰብዌይ (የምድር ውስጥ ባቡር) ጣቢያ አለው፣ ቤንዚንም ተረፈ ማለት ነው! ከመውጣታችሁ በፊት የኦንታሪዮ ፓርኮች ድረ ገጽ ላይ የቅጠል ቀለም ሪፖርቱን እዩ፤ የየፓርኩን ሁኔታ በፐርሰንት ያሳያል። ኃይለኛ ነፋስ ከነፈሰ ግን የቆየ ሪፖርት አትመኑ፤ ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ሊራገፍ ይችላል።