አዲስ የተመረቀ የሳይካትሪ ነርስ የመጀመሪያ ሥራውንና ደመወዙን እንዴት ይመዝናል?

የሳይካትሪ ነርሲንግ ተምሮ የተመረቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው «ሥራ አገኝ ይሆን?» ብሎ ነው። በእኔ ግምት ግን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው የመጀመሪያውን ዓመት የትና ከማን ጋር እንደሚያሳልፍ ነው። የባለሙያ እጥረቱ በጣም ሰፊ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 የአእምሮ ጤና አትላስ እንደሚያሳየው ለ100,000 ሕዝብ የሚደርሱት የአእምሮ ጤና ሠራተኞች በመካከለኛ ስሌት 13 ብቻ ሲሆኑ፣ ይህ ቁጥር ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ2 በታች ይወርዳል፣ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ደግሞ ከ60 ይበልጣል። ሆኖም እጥረት አለ ማለት ክፍት የሥራ መደብ አለ ማለት አይደለም። መንግሥታት ከጤና ወጪያቸው ለአእምሮ ጤና የሚመድቡት በመካከለኛ ስሌት 2 በመቶ ገደማ በመሆኑ፣ መደቡ የሚከፈተው ሕመምተኛው በበዛበት ሳይሆን በጀቱ በተያዘበት ቦታ ነው። ሥራ ፍለጋውም ከዚህ መነሳት ይኖርበታል።

ፈቃድዎ ምን እንደሚፈቅድልዎ ያረጋግጡ

ማመልከቻ ከመጻፍዎ በፊት የሙያ ፈቃድዎን በጥንቃቄ ያንብቡት። እንደ ብሪታንያና አየርላንድ ባሉ አገሮች ተማሪው ከመጀመሪያው የአእምሮ ጤና ነርሲንግን መርጦ ሊማር ይችላል፤ በአሜሪካ ግን መጀመሪያ ጠቅላላ ነርስ ሆኖ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። በአውስትራሊያ ደግሞ በዚህ ዘርፍ ብቻ የሠለጠነ ነርስ በምዝገባው ላይ ይህንኑ የሚገልጽ ማስታወሻ ይሰፍርበታል። ወደ ሌላ አገር የመሄድ ሐሳብ ካለዎት፣ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በእናቶችና በሕፃናት ክፍል ያደረጓቸው የተግባር ልምምዶች በሰዓት ተቆጥረው የተመዘገቡበትን ሰነድ ከትምህርት ቤትዎ ገና በተመረቁበት ሰሞን ያውጡ። ከዓመታት በኋላ ያንን መዝገብ ማፈላለግ እጅግ አድካሚ ነው።

ስለ ደመወዝ ሲያነቡም ይጠንቀቁ። በኢንተርኔት ላይ የሚታየው አጓጊ አሃዝ ብዙውን ጊዜ የሁለተኛ ዲግሪ ይዘው መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን ላላቸው የሳይካትሪ ነርሶች የሚከፈል ነው። እሱን ይዞ ከመጀመሪያ ቀጣሪ ጋር መደራደር ዝግጁ አለመሆንን ብቻ ያጋልጣል።

የሥራ ቦታውን ስፋት ይመልከቱ

አብዛኛው ተመራቂ የሚያመለክተው ለአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎች ነው። ከዚያ ውጭ በጠቅላላ ሆስፒታሎች የሳይካትሪ ክፍል፣ በሱስ ማገገሚያ ማዕከላት፣ በማረሚያ ቤቶች፣ በሕፃናትና ወጣቶች አገልግሎት፣ ቤት ለቤት በሚሠሩ የማኅበረሰብ ቡድኖችና በእርዳታ ድርጅቶች ሥራ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 የጀመረው ኤም ኤች ጋፕ የተባለው ፕሮግራም ልዩ ሥልጠና የሌላቸውን የጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ስለሚያሠለጥን፣ እነዚህን ባለሙያዎች የሚያስተምርና የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም ለሳይካትሪ ነርስ የተከፈተ በር ነው። ለጀማሪ ግን ብቻውን የሚሠራበትን የማኅበረሰብ ወይም የማረሚያ ቤት መደብ ለመጀመሪያው ዓመት አልመክርም፤ ክፍያው ቢሻልም የሚጠየቅ ሰው አጠገብ የለም።

«መጀመሪያ ሁለት ዓመት በጠቅላላ ክፍል ሥራ» የሚለውን የቆየ ምክር ብዙ ጊዜ ይሰሙታል። ግዴታ አይደለም። ከጀርባው ያለው ስጋት ግን እውነት ነው፦ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ፤ ለዚህም ዋነኛው ምክንያት የልብ ሕመምን የመሰለ አካላዊ ሕመም ነው። የደም ግፊት የማይለካበት፣ የስኳር ምርመራ የማይታዘዝበት የሳይካትሪ ክፍል ሙያዎን ያደነዝዘዋል።

ለቃለ መጠይቁ በእውነተኛ ጉዳዮች ይዘጋጁ

ጠያቂዎቹ የሕመም ትርጓሜ ሊያስደረድሩዎት አይፈልጉም፤ ሊያዩ የሚፈልጉት አስተሳሰብዎን ነው። ለምሳሌ እንዲህ ሊባሉ ይችላሉ፦ «አንድ ሕመምተኛ ራስህን ግደል የሚል ድምፅ እንደሚሰማ ነግሮዎት ለማንም እንዳይናገሩ ለመነዎት፤ ምን ያደርጋሉ?» ጥሩ መልስ የሚጀምረው ምስጢር ለመጠበቅ ቃል ካለመግባት ነው። ቀጥሎም ራሱን ስለማጥፋት፣ ስላሰበበት መንገድና በእጁ ስላለው ነገር በግልጽ እንደሚጠይቁት ይናገሩ፤ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ከዚያም ብቻውን እንደማይተዉት፣ ለቡድኑ እንደሚያሳውቁና የተባለውን በራሱ በሕመምተኛው ቃል በመዝገብ ላይ እንደሚያሰፍሩ ያስረዱ።

ሁለተኛው የተለመደ ጥያቄ መድኃኒትን ይመለከታል። ሊቲየም (ለባይፖላር ሕመም የሚሰጥ ስሜት አረጋጊ መድኃኒት) የሚወስድ ሕመምተኛ ሲያስመልሰው፣ ሲያስቀምጠውና እጁ በኃይል ሲንቀጠቀጥ «ጨጓራ ይሆናል» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። የሊቲየም የደም መጠን ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከ1.5 ሲያልፍ የመመረዝ ስጋት አለ። ስለዚህ ቀጣዩን መድኃኒት ከመስጠትዎ በፊት ሐኪም እንደሚጠሩና የደም መጠኑ በአስቸኳይ እንዲለካ እንደሚያደርጉ ይናገሩ። ክሎዛፒን (ለከባድ ስኪዞፍሬኒያ የሚሰጥ፣ ነጭ የደም ሴሎችን ሊቀንስ የሚችል መድኃኒት) በሚወስድ ሰው ላይ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከታየም ነጭ የደም ሴሎቹ በዚያው ቀን መቆጠር እንዳለባቸው መናገር ከአሥር የምስክር ወረቀት በላይ ይሠራል።

ክፍሉን ሳያዩ አይፈርሙ

ግማሽ ሰዓት እንዲጎበኙ ይጠይቁ። ነርሶቹ ከሕመምተኞቹ ጋር ተቀምጠዋል ወይስ በመስተዋት ክፍል ውስጥ ከወረቀት ጋር ናቸው? ይህ ብቻ ብዙ ይናገራል። ለስንት ሕመምተኛ ሌሊት ስንት ነርስ እንደሚመደብ፣ የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ደወል እንዳለና ሲደወል ማን እንደሚመጣ፣ ሕመምተኛን በማሰር ወይም ለብቻ በመዝጋት ፈንታ የማረጋጋት ሥልጠና በየጊዜው እንደሚሰጥ ይጠይቁ። ከሁሉ በላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚመራዎት ነርስ በስም ተመድቦልዎት እንደሆነ ይወቁ። «ሁላችንም እናግዝሃለን» የሚል መልስ፣ በቅን ልብ ቢባል እንኳ፣ ማንም አልተመደበም ማለት ነው።

ደመወዙን በሰዓት አካፍለው ያስሉት

ሁለት ቦታ ተቀባይነት አገኙ እንበል። በየትኛውም ገንዘብ ቢታሰብ፣ የመጀመሪያው በሳምንት 40 ሰዓት ሠርተው 100 ይከፍላል፤ ሁለተኛው በ48 ሰዓት 115። ሲታይ ሁለተኛው ይበልጣል፤ በሰዓት ሲካፈል ግን የመጀመሪያው 2.50፣ ሁለተኛው 2.40 ገደማ ነው። አሁን አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ የተረኛ ርክክቡ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል? የመጀመሪያው ቦታ በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ግማሽ ሰዓት ያለ ክፍያ የሚያስቆይ ከሆነ ሰዓቱ 42.5 ይሆንና ክፍያው ወደ 2.35 ይወርዳል፤ ሁለተኛው ርክክቡን የሚቆጥር ከሆነ መልሶ በለጠው ማለት ነው። የሌሊት፣ የበዓልና የአደጋ ተጋላጭነት አበልም እንዲሁ በየቦታው ስለሚለያይ በወር ስንት ሌሊት እንደሚደርስብዎ ጠይቀው በስሌቱ ያስገቡት። አበል ጡረታ ሲሰላ የማይታሰብበት ቦታ ስላለ፣ ብዙው ክፍያዎ አበል ከሆነ ይህንንም ያጣሩ።

በሳይካትሪ ክፍል ለሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ ብዙዎች ለመጠየቅ ያፍራሉ። በሥራ ላይ እያሉ ሕመምተኛ ቢመታዎትና ከሥራ ቢቀሩ፣ ያ ጊዜ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የሥራ ላይ ጉዳት ነው ወይስ ከተራ የሕመም ፈቃድዎ ይቀነሳል? መልሱን በቃል ሳይሆን ከመመሪያው ያንብቡት።

በመንግሥት ተቋማት የመነሻ ደመወዙ በእርከን የተወሰነ ስለሆነ እሱን ለማስጨመር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። በዚያ ፈንታ የቀድሞ የሥራ ልምድ ካለዎት ተቆጥሮ ከፍ ያለ እርከን እንዲሰጥዎት፣ ወይም ሥልጠናና የሥራ ፈረቃ እንዲመቻችልዎ ይጠይቁ። በግል ተቋም ግን መነሻው ራሱ ይጠየቃል፤ ከላይ ያለውን ስሌት ይዘው ይቅረቡ።

ውሉን ይዘው ቤት ይሂዱ

ለመፈረም አንድ ሌሊት ይውሰዱ። የሙከራ ጊዜው ርዝመት፣ በሙከራ ጊዜ የሚከፈለው ደመወዝ፣ የሥራ መልቀቂያ ማስጠንቀቂያና «ቀድመህ ከለቀቅህ የሥልጠና ወጪ ትመልሳለህ» የሚሉ አንቀጾች በትኩረት መነበብ አለባቸው፤ የመጨረሻው ካለ፣ የገንዘቡ ልክ መጻፉንና በሠሩ ቁጥር እየቀነሰ መሄዱን ያረጋግጡ። ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ ገንዘብ ከጠየቀዎትም የዓለም ሥራ ድርጅት የ1997 ስምምነት ቁጥር 181 በመርሕ ደረጃ የቅጥር ክፍያ ከሠራተኛው እንዳይወሰድ እንደሚከለክል ይወቁ። ከተስማሙ በኋላ የተፈረመበትን አንድ ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ፤ በቃለ መጠይቁ ጊዜ በቃል የተገባልዎትንና በውሉ ላይ ያልሰፈረውን ነገርም ከመፈረምዎ በፊት በደብዳቤ ወይም በኢሜይል እንዲያረጋግጡልዎ ይጠይቁ።