ከቀበሌ የተሰበሰበ መረጃ ስትተነትኑ ሚክስድ ሞዴል (በቡድኖች መካከል ያለውን ልዩነት ለይቶ የሚቆጥር ሪግሬሽን) ተጠቀሙ

ከደጀን፣ ከእነማይና ከማቻከል ወረዳዎች 12 ቀበሌ መርጣችሁ፣ በየቀበሌው የ20 አርሶ አደሮችን የጤፍ ምርት ብትመዘግቡ 240 ረድፍ ይኖራችኋል። 240 ራሱን የቻለ ማስረጃ ግን የላችሁም፤ የአንድ ቀበሌ ሰው አፈሩም ዝናቡም ይመሳሰላል። በቀበሌ ውስጥ ያለው ተዛምዶ 0.10 ብቻ ቢሆን እንኳ ማካፈያው 1 + (20 − 1) × 0.10 = 2.9 ነው፤ 240 ለ2.9 ሲካፈል ለአማካዩ የሚተርፋችሁ 83 ሰው ገደማ ነው። ተራ ሪግሬሽን ይህን ስለማያይ ስታንዳርድ ኤረሩን (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል መለኪያውን) ያሳንሰዋል፤ የሌለ ልዩነት ያለ ይመስላል።

መጀመሪያ ቀበሌን ብቻ ራንደም (ከብዙ ቀበሌዎች በዕጣ እንደወጣ ቡድን) አድርጋችሁ ባዶውን ሞዴል፣ ማለትም ሌላ ተለዋዋጭ የሌለበትን፣ አስኪዱ። የቀበሌው ቫሪያንስ (በቀበሌዎች መካከል ያለው የምርት መለያየት) ለጠቅላላው ቫሪያንስ ሲካፈል ተዛምዶውን ታገኛላችሁ። ማዳበሪያና የማሳ ስፋት ከዚያ በኋላ ይግቡ።

ኮዱን አደራ! የማቻከል 03 እና የደጀን 03 ሁለቱም «03» ተብለው ከገቡ ሶፍትዌሩ አንድ ቀበሌ ያደርጋቸዋል። «ማቻከል-03» ብላችሁ ጻፉ። ወረዳው ሦስት ብቻ ስለሆነ ቫሪያንሱን በቅጡ መገመት አይቻልም፤ ራንደም ሳታደርጉ እንደ ቋሚ ተለዋዋጭ አስገቡት። 12 ቀበሌም ጥቂት ነው፤ የፒ ዋጋውን (ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት የመታየት ዕድሉን) ከማመናችሁ በፊት፣ ቡድን ሲያንስ ስሌቱን የሚያርመውን የኬንዋርድ-ሮጀር ማስተካከያን ተጠቀሙ።